የሰገነቷ አሮጊትና የእኔ ተራ

የበደለችኝ ሶስና ናት። አምስተርዳም አጠገብ አምስተልቨን የምትኖረው ሶስና፣ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ። ሙሴ ማለት ተራ የምታስጠብቅ፣ ጽዋው ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የምትናገር ናት። የጥንቱ ሙሴ ያን ሁሉ ሕዝብ ባሕር አሻገረ፤ የእኛዋ የእኔን ቤት ደረጃ መውጣት አቃታት። ስለ ልጅነቴ ልጽፍ ተቀምጬ ከእሷ መጀመሬ ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሰምቼው ዕድሜዬን ሙሉ የረሳሁትን ነገር ከተኛበት የቀሰቀሰችው እሷ ናት።

ያኔ አስመራ ነበርን። አባቴ ወታደር ነበርና ከጎንደር ተዛውሮ እዚያ ሰፈረ፤ እኔም እዚያው አራተኛ ክፍል ደርሼ ትምህርቱ በዚያው በቃኝ። ጎረቤታችን አባባ ተክሌ የአባቴ የጦር ጓደኛ ነበሩ፤ እግራቸውን ቆስለው ጡረታ ከወጡ በኋላ የአሜሪካን ወታደሮች ወጥ ቤት ገብተው ድንች ይልጡ ነበር። ሲመሽ፣ ያ የአስመራ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ በቆርቆሮ ምድጃ ከሰል ያያይዙና ከካፖርታቸው ኪስ ጥቂት ድንች አውጥተው ፍሙ ውስጥ ይቀብሩታል፤ እኛ የሰፈር ልጆች ደግሞ ዙሪያውን እንኮለኮላለን። ፋኖሱን ጭስ አጥቁሮት ከሰው ፊት ግማሹን ብቻ ነበር የሚያሳየው። ዛሬም ያረረ ድንች ሲሸተኝ የእሳቸው ጎርናና ድምፅ ይመጣብኛል።

ወጋቸው የጅብና የአህያ አልነበረም። «ተረት ተረት» በሉን ስንላቸው፣ «የለም፣ ይሄ የላም በረት አይባልለትም፤ የሆነ ነገር ነው» ይሉና አብሯቸው የሚሠራው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ስለ አያቱ ያወጋቸውን ይነግሩናል። እንግሊዝኛውን ከድንቹ ጋር እየላጡ የለቀሙት ስለሆነ፣ የቱ የወታደሩ፣ የቱ የራሳቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያቲቱ የኖረችው ጥጥ በሚበቅልበት አገር ነበር። መሬቱ የሌላ፣ በቅሎው የሌላ፣ ጎጆው የሌላ፤ የእሷ የሚባል ወገቧ ብቻ። የለቀመችው ጥጥ ባሕር ተሻግሮ የስንቱን ገላ ሲያለብስ፣ የእሷ ቤት ግድግዳ ንፋስ እንዳያስገባ በአሮጌ ጋዜጣ ነበር የሚለጠፈው። ኋላ አሜሪካ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ለሾርባ የተሰለፈበት ክፉ ዘመን መጣ። «ሀብታም አገር ሲራብ አይታችሁ አታውቁም» ይሉን ነበር አባባ ተክሌ። «ያኔ እንኳ ረሃቡ አንድ ሆኖ ሰልፉ ሁለት ነበር፤ የነጭና የጥቁር።»

እኔን ያንገበገበኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነው። ይቺ ሴት በወጣትነቷ ለባለመሬቱ ቤተሰብ ታበስላለች፣ ልጆቻቸውን ታዝላለች፣ የቁርባናቸውን ኅብስት ሳይቀር የምትጋግር እሷ ናት። እሑድ አብራቸው ስትሄድ ግን እነሱ በፊት ለፊት፣ እሷ በጓሮ በር፤ ጠባብ ደረጃ ወጥታ ከብጤዎቿ ጋር ሰገነት ላይ ትቆማለች። ጽዋው ታች ያሉትን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ የተረፈው ወደ ላይ ይወጣላቸዋል።

«ታዲያ ለምን ጥላቸው አልሄደችም?» አልኩ።

«የት ትሂድ?»

«የትም። እኔ ብሆን ጽዋውን ከታች ነጥቄ እጠጣ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። አባባ ተክሌ ድንቹን በጣታቸው እያገላበጡ፣ «አንቺማ ምላስሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይደርሳል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ በሰው ቤት ብዙ ዘመን የሠራ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ይታዘዛል» አሉኝ። አልገባኝም። ያቺን ሴት ናቅኋት፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በሆዴ ስሰድባት አመሸሁ።

እዚህ አገር መጥቼ ያልጠረግሁት የለም። የዴን ሃግን ቢሮ፣ የዛንዳምን ፋብሪካ፣ የአምስተርዳምን የአረጋውያን ቤት። አላፍርበትም፤ እኔ የወለወልኩት ወለል ላይ ፊት ይታያል። ማኅበሩን ስንጀምር ሁላችንም እኩል ድሆች ነበርን፤ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ በፕላስቲክ ኩባያ ነው ጽዋ የጠጣነው። ከዚያ አንዱ ቤት ገዛ፣ አንዱ ንግድ ከፈተ፤ እኔ ሮተርዳም፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ቀረሁ። ቢሆንም ተራዬ ሲደርስ ጠላዬን ጠምቄ፣ ዳቦዬን ደፍቼ፣ ማንንም አስርቤ ሸኝቼ አላውቅም።

ባለፈው ወር ማኅበሩ ሶስና ቤት ወጣ። ተከታይዋ እኔ ነበርኩ። ቄሱ ጸሎቱን አሳረጉ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ጽዋውን ልቀበል ተነሣሁ። ሶስና ጽዋውን ይዛ በፊቴ አለፈችና ለዴን ሃጓ ትዕግሥት አስረከበቻት።

«ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

«እትዬ አልማዝ፣ እንዳይቸገሩ ብለን ነው እኮ» አለች ፈገግ ብላ። «ደረጃውም አለ፣ ቤቱም ጠበብ ይላል፣ ሰዉም መኪና ማቆሚያ እያጣ ተማረረ። እርስዎ በጉልበት ይርዱን፤ እጅዎ የተባረከ ነው።»

«ማርያም ከመቼ ወዲህ ነው ፓርኪንግ የምትጠይቀው?»

ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ጣሉ። ቄሱም ጢማቸውን ማፍተልተል ያዙ። ትዕግሥት ጽዋውን እንደ ትኩስ ድስት ይዛ መቀመጫ አጣች። ከሁሉ የከነከነኝ «እርስዎ» ማለቷ ነው። አንቺ ብላ ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር፤ አንቱ እየተባለ ከተራው የሚወጣ ሰው ግን በምን አፉ ይመልሳል?

ካፖርቴን አንሥቼ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብኩ። ማንም እጠቢ አላለኝም፤ እጄ ራሱ ሄደ። ሙቁ ውሃ ክንዴ ላይ ሲወርድ ነው የነቃሁት። የአባባ ተክሌ ነገር የገባኝ ያኔ ነው፤ ያቺ በልጅነቴ የሰደብኳት ሴት ከጎኔ ቆማ ያጠብኩትን የምታደርቅ መሰለኝ።

ተረት ያስተምራል ይላሉ። እኔን አላስተማረኝም፤ ቢያስተምረኝ ያን ሳህን ባልነካሁ። በባቡሩ ስመለስ በመስኮቱ ጨለማውን እያየሁ የታሰበኝ ሌላ ነው። አባባ ተክሌ «የት ትሂድ?» ያሉት ለእሷ እውነት ነበር። ጥጡም፣ ጎጆውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የአንድ ሰው በሆነበት አገር በሩ ሁሉ መጨረሻው እዚያው ጓሮ ነው። ሰገነት ላይ መቆሟ ሞኝነት ሳይሆን ሌላ ስፍራ ማጣት ነበር። እኔ ግን ምን አጣሁ? የእኔዎቹ ጌቶች ትናንት በአንድ ኩባያ አብረውኝ የጠጡ ናቸው። ይሄ ነው የመረረኝ፤ ባለመሬት ሳይኖረን ባለመሬት ማበጀታችን።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሜትሮ ዴን ሃግ ወረድኩና የትዕግሥትን በር ደወልኩ። በሌሊት ልብሷ ከፈተችልኝ።

«እትዬ! በጠዋቱ? ምን ሆኑ?»

«ጽዋዬን ልወስድ ነው።»

«ሶስና ምን ትለኛለች?»

«የምትለውን እኔ እሰማዋለሁ፤ አንቺ አምጪ።»

ገብታ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና አመጣችው። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳት። በሜትሮው ሥራ በሚሄድ ሰው መካከል ጭኔ ላይ ታቅፌው ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ለማኅበርተኛው ሁሉ መደወል ጀመርኩ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለሶስና።

«በሃያ አንድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው» አልኳት። «የማትመጪ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ ድርሻሽን ለጎረቤቶቼ እሰጠዋለሁ።»