በኋለኞቹ ክፍሎች የሌሉ ሰዎች

ልጄን የነጠቀችኝ ጎረቤቴ ናት እል ነበር። ሴትዮዋ ልጅ የላትም፤ እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበራት። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የምትውለው። ሁለቱ አንድ የማያልቅ ፊልም ይዘዋል፤ ሰው በከዋክብት መካከል እየበረረ የሚዋጋበት፣ ክፍሉ ብዙ። "ዛሬ ምን አያችሁ?" ስላት፣ "የፊቱን ስላላየሽ አይገባሽም፣ እማ" ትለኛለች። ሴትዮዋን መንገድ ላይ ስታገኛት ግን አንዲት ቃል ጣል ታደርግና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ጎመኔን ይዤ እቆማለሁ።

ይባስ ብላ ሴትዮዋ ቪዲዮ ቤቱን ዘግታ ባሕር ዳር ልትገባ ሆነ። "ልጅቱን ስጪኝ፤ እኔ ዘንድ ሆና ትማር" አለችኝ። እንቢ ብል ልጄ ትጠላኛለች፤ እሺ ብል ትሄድብኛለች። ፈራሁና "እስቲ ላስብበት" አልሁ።

በዚያው ሰሞን አዲስ ክፍል መጣ። "እማ፣ ይኸኛው ለብቻው ነው" አለችኝ ልጄ። "የሌሎቹ ታሪክ ሳይጀምር በፊት የሆነውን ነው የሚያሳየው። ሌላውን ሳታዪም ይገባሻል፤ ነይ።" ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኋት።

"ዛሬ ደግሞ እናትየዋም ጠፈር ልትወጣ ነው?" ብላ ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ከልጄ በግራ እሷ፣ በቀኝ እኔ ተቀመጥን። ፊልሙን በአማርኛ የሚተረጉመው ሰውዬ የሴቱንም የወንዱንም ንግግር በአንድ ድምፅ ይለፈልፋል፤ አልደረስሁበትም። ልጄ አየችኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በአዊኛ ትነግረኝ ጀመር። ከተማ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ በአዊኛ ስጠራት እንኳ በአማርኛ ነበር የምትመልስልኝ። ደነገጥሁ።

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለች ሴትዮዋ። አዊኛ አትሰማም።

"ምንም" አለቻት ልጄ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ፊልሙ ላይ አንዲት ወጣት ወገኖቿ የሚያመልጡበትን መንገድ ልትከፍት ከጓደኞቿ ጋር የጠላት መርከብ ውስጥ ገባች። ሳላስበው በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ "ትመለሳለች ወይ?" አልሁ።

"አይ የኔ እህት! ሁሉም እኮ ያልቃሉ" አለች ሴትዮዋ።

"ዛሬ የመጣ ፊልም አይደል? በምን አወቅሽ?"

"በኋለኞቹ ክፍሎች አንዳቸውም የሉማ!"

ከዚያ ወዲያ ፊልሙን አላየሁም፤ የልጄን ፊት ነው ያየሁት።

ስንወጣ ሴትዮዋ በሩን እየቆለፈች "ታዲያ ምን አሰብሽ?" አለችኝ። ልጄ በአዊኛ "እሺ ልትያት ነው?" አለችኝ። እኔም በአዊኛ "አትሂጂብኝ" አልኋት። እንዲያ ብዬ ለምኛት አላውቅም። ልጄ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

"እትዬ፣ ትምህርቴን እዚሁ ልጨርስ። ለክረምት እመጣለሁ።"

"ምን ብላሽ ነው?" አለች ሴትዮዋ፣ ቁልፉን እንደያዘች። ልጄ አልነገረቻትም።

የክረምቱ ነገር ያን ጊዜ ይታያል። ሴትዮዋ አሳዘነችኝ ልበል? አላሳዘነችኝም። ሦስታችንን ወደ ሰፈር የሚወስደን ባጃጅ ሲቆም ቀድሜ ገባሁና መሀል ተቀመጥሁ።