ለጋሼ ያልመለስኩት ጥሪ

የእናቴን ታላቅ ወንድም ጋሼ እንላቸው ነበር። በስደት ግሪክ ሳሉ ለአንዲት ትንሽ ከተማ የቅርጫት ኳስ ክለብ ተጫውተዋል፤ ዓሣ አጥማጁና ዳቦ ጋጋሪው ከሥራ መልስ የሚጫወቱበት፣ ደመወዝ የሌለው ክለብ። ወጉ ልዩ ነበር፤ ተጫዋች ሲሞት ስሙ ከክለቡ ዝርዝር አይወጣም። ከጨዋታ በፊት ሲጠራ፣ በሕይወት ያለ ጓደኛው «አለ» ይልለታል።

ጋሼም እሑድ እሑድ አሁን በምንኖርበት ሰፈር፣ በሰንራይዝ ማነር ሜዳ ስንጫወት ያንን ዝርዝር ሳይጠሩ ኳሷን አይለቋትም። እኛም ለማናውቃቸው ሙታን «አለ» እንላለን።

«ጋሼ ቶሎ ይበሉ፣ የሥራ ሺፍት አለብኝ!» እላለሁ።

«ሰው ሲጠራ አይቸኮልም» ይሉኛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሜዳው ተዘጋ፣ ቅርጫቱም ተነቀለ። ጋሼ በኮቪድ ሆስፒታል ገቡ፤ ጠያቂ ክልክል ነው። በስልክ «ዝርዝሩን አንብቢልኝ» አሉኝ። በደከመ ድምፅ ለሁሉም «አለ» አሉ። መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ስም ጠራሁ። ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማኝ።

«እሱን አንቺ መልሺ» አሉ።

ሟርት መሰለኝ። «እርስዎ እያሉ?» ብዬ ተቆጥቼ ስልኩን ዘጋሁት። በማግስቱ አረፉ።

ዘንድሮ ቅርጫቱ ተመለሰ። ዝርዝሩን ይዤ ሜዳው ላይ ቆሜ ስማቸው ጋ ስደርስ፣ ያ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። «አለ» እስክል አሁንም እየጠበቁኝ ነው።