የሚንኳኳው መልህቅ

ሃትሱኖን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍላታል? አንድ ቅርጫት ከሰል። የእሳት ፍንጣሪ ከክንዷ ላይ የሚወስደው ትንሽ ቆዳ። መዶሻው ከቀኝ ጆሮዋ በየቀኑ የሚቀንሰው መስማት። ቆማ የምትበላው አንድ ጭብጥ ቀዝቃዛ ሩዝ ከጨው ዓሣ ጋር። ይኼ የማንም አንጥረኛ ወጪ ነው፤ አይቆጭም። የሚቆጨው ወደ ወደቡ ስትወርድ የምትከፍለው ነው። "እንደምን አደራችሁ!" ትላለች። ገሚሱ መረቡን የሚጠግን መስሎ አንገቱን ይደፋል፤ ገሚሱ "እህ" ብሎ ወደ ባሕሩ ይዞራል። መንጠቆ ይገዟታል፤ መኮትኮቻ ይገዟታል፤ የጀልባ ምስማርም ይገዟታል። መልህቅ ግን የሚገዛት የለም። ከእጅ ሥራ ሁሉ አብልጣ የምታውቀው ደግሞ መልህቅ ነው። ስምንት ዓመት እንዲህ ስትከፍል ኖረች፤ ያውም ባላጠፋችው።

በቶሞ፣ በዚህች የጃፓን ወደብ፣ ብረት የማይቀጠቅጥ ቤት ካለ ዓሣ የሚያጠምድ ነው። ሃትሱኖ ከአጥማጅ ቤት ተወልዳ ለአንጥረኛ ቤት ተዳረች። ባሏ ለጦርነቱ ተጠርቶ እንደወጣ ቀረ። እሷና አማቷ አዛውንቱ ዮሄይ ከውሩን፣ የብረት ማጋያ ምድጃውን፣ መሐል አድርገው ተፋጠጡ። የእሳቸው ክንድ ዝሏል፤ ጆሯቸውም ደንቁሯል። እሷ ከወናፉ ተነስታ መዶሻውን ተረከበች። "ሴት ስትመታው ብረቱ ያፍራል" ያሉ ነበሩ። ዮሄይ "ብረት የሚያፍር ቢሆን፣ እኔ ጎረምሳ ሆኜ ስመታው ባፈረ ነበር" ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

አንድ ጸደይ ታናሽ ወንድሟ ቶኩጂ ከከውሩ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። በስንት ልፋት ሞተር ያላት አዲስ ጀልባ እያሠራ ነበር።

"እታለም፣ መልህቅ ሥሪልኝ። ብቻዬን የማነሳው።"

"የአባታችን መልህቅ ምን ሆነ?"

"እሱማ ይይዛል። ማን ያነሳዋል? ድሮ በአንድ ጀልባ ሦስት ወንድ ነበር። ዛሬ እኔና ሞተሩ ብቻ ነን። ሞተር ደግሞ እጅ የለውም።"

"ለወገብህ ፈርተህ ነው እንጂ! ገና ሳታገባ?"

"ሳላገባ ነዋ የምፈራለት!"

ሳቁ። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። የድሮው መልህቅ ክብደት ብቻ አይደለም ጣጣው። ሁለት ክንድ አለው፤ አንደኛው ጭቃው ውስጥ ሲቀበር ሌላው ወደ ላይ ቆሞ ይቀራል። የቶሞ ባሕር ደግሞ አንዴ ሞልቶ፣ አንዴ ሸሽቶ፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሲያዞር የሚውል ነው። ጀልባዋ አብራ ስትዞር ገመዱ በቆመው ክንድ ላይ ይጠመጠምና መልህቁን ከተኛበት ይነቅለዋል። በዚህ የተነሳ የጠፋ ጀልባ በየቤቱ አለ።

ሃትሱኖ ኩሬ ከሚባለው የጦር መርከብ ወደብ በመጣ ውድቅዳቂ ብረት ውስጥ የውጭ ወታደሮች የጣሉት ስብርባሪ መልህቅ አይታ ነበር። ማረሻ የመሰሉ ሁለት ጠፍጣፋ ጥፍሮች ከዘንጉ ጫፍ በአንድ ፔርኖ፣ በብረት ችንካር፣ ላይ እንደ በር ይዞራሉ። በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ ጥፍሮቹ ወደ ታች ታጥፈው ሁለቱም ይቀበራሉ፤ ቆሞ የሚቀር፣ ገመድ የሚጠመጠምበት ክንድ የለውም። ስለዚህ መያዣው ክብደቱ ሳይሆን ጥፍሩ ነው። ያ ግን የተሠራው ለአሸዋ ነበር። የእኛ ወደብ ከላይ ጭቃ፣ ከሥር የዛጎል ስብርባሪ ነው።

መጀመሪያ ከጣሪያ ቆርቆሮና ከቀርከሃ ትንሽዬ ሠራች። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ጭቃው ላይ ወርዳ በገመድ ትጎትተዋለች። ዛጎል የሚለቅሙት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ይስቁባታል።

"ሃትሱኖ! ፍየሏ አልሄድም አለችሽ?"

"ብትሄድማ ኖሮ ምን እፈልጋታለሁ! እንድትቆም ነው የምጎትታት!"

ጥፍሮቹ በጣም ሲከፈቱ መልህቁ ጭቃው ላይ ይገለበጣል፤ ትንሽ ሲከፈቱ እንደ ጀልባ ይንሸራተታል። ምን ያህል እንደከፈተች የምትለካው በተጣጣፊ የእጅ ማራገቢያዋ ነበር፤ ዘርግታ ከጎኑ ትይዝና የደረሰበትን የማራገቢያውን አጥንት በከሰል ምልክት ታደርጋለች። በዚያ በጋ ማራገቢያዋ ከልኬት አልፎ አንድም ቀን አላራገባትም።

ልኩን አገኘች። ከብረት ሠራችው። ያዘ። በማግስቱ አልያዘም። አውጥታ ስታየው አንዲት የዛጎል ስባሪ ፔርኖው ሥር ገብታ ጥፍሮቹን ወደ አንድ ወገን ቆልፋቸዋለች። መልህቁ ጥፍሩን ወደ ሰማይ አንጋጦ ተኝቶ ነበር። የፔርኖውን ቀዳዳ በሞረድ አሰፋችው። አሁንም ዛጎል ገባ። ደግማ አሰፋችው። ጥፍሮቹ ከዘንጉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ የአኩሪ አተር ፍሬ የሚያሾልክ ክፍተት እስኪኖር ድረስ ሞረደችው። ከዚያ ወዲያ የገባው ሁሉ በዚያው ይወጣ ጀመር። ልጅ አዝሎ የሚያውቅ ይኼ ይገባዋል፤ ያጠበቁት ሁሉ ይዟል ማለት አይደለም።

ብቻ መልህቁ ይንኳኳል። ሲያነሱት ቋ! ሲያስቀምጡት ቋ! በቶሞ ደግሞ ሰው ብረት ሊገዛ ሲመጣ አንስቶ ከጆሮው አጠገብ ይነቀንቀዋል። ድምፅ ከሰማ ምንም ሳይናገር አስቀምጦ ይሄዳል። የሚንኳኳ ብረት የሰነፍ እጅ ሥራ ነው፤ አያቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን።

አማቷ ፊት ወስዳ ነቀነቀችላቸው።

"አባባ፣ ይንኳኳል። የቤታችንን ማኅተም ልምታበት ወይስ ይቅር?"

"ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"እንግዲያ ምቺበት። እኔ እንደሆንኩ ደንቁሬያለሁ፤ የራሱ ጉዳይ!"

አዲሷ ጀልባ ባሕር የገባች ቀን ባንዲራው ተሰቀለ፤ የሩዝ ቂጣው ከጀልባዋ ላይ ለሰው ተበተነ፤ የሩዝ መጠጡ ሳኬ ወረደ። ቶኩጂ መልህቁን በአንድ እጁ አንስቶ ለሰዉ አሳየ። ቋ ቋ ቋ አለ። ኢዋኪቺ የሚባል፣ በወደቡ ከሱ በፊት ማንም የማይናገር አጥማጅ፣ ጽዋውን አስቀመጠ።

"ቶኩጂ፣ ይኼ መልህቅህ ጥርሱ ወልቋል እንዴ?"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

"ምን ያድርግ፣ ከእህቱ ሲሠራ!" አለ ኢዋኪቺ፤ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። ዓሦቹ እንኳ 'ቶኩጂ መጣ' ተባብለው በጊዜ ይሸሻሉ። መልህቅ ነው የምትጥለው ወይስ ደወል ነው የምትደውለው?"

ሃትሱኖ "ጋሽ ኢዋኪቺ፣ የእርስዎ መልህቅ ዝም ብሎ ነው ጀልባ የሚያሰምጠው፤ የእኔ እያወራ ይይዛል" ብላ መለሰችለት። ሰዉ አሁንም ሳቀ፤ ለእሷ ሳቀ። ቶኩጂ ግን አልሳቀም። እስከ አንገቱ ቀልቶ መልህቁን በጆንያ ሸፈነው።

በጋው አለፈ። ባገኘችው ቁጥር ትጠይቀዋለች።

"መልህቁ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው እታለም። ምንም አላለም።"

ደስ አላት። አራት ሰዎች ከውሩ ድረስ መጥተው የመልህቁን አሠራር አይተው ነበር፤ አንዱማ ከመከር በኋላ እወስዳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከውሩ ለአንድ ሌላ ትውልድ የሚበላበት ሥራ አገኘ ብላ ለአማቷ እየጮኸች ነገረቻቸው።

መስከረም ላይ ትልቁ አውሎ ነፋስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጀልባዎቹ ሁሉ ወደቡ ውስጥ መልህቃቸውን ጥለው ታጨቁ። ሃትሱኖና ቶኩጂ ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቃቅፈው ቆመው ያያሉ። ጀልባዋ እየዘለለችም ቢሆን ቆማለች። ከዚያ ባሕሩ ፊቱን አዞረ። ጀልባዎቹ ሁሉ አብረው ዞሩ፤ የቶኩጂ ጀልባ ግን ዞራ አልቆመችም። ቀስ ብላ፣ ሰው እንደሚጎትታት ሁሉ፣ ወደ ወደቡ ግንብ መንሸራተት ጀመረች።

"ይይዛል" አለች ሃትሱኖ፤ "ቆይ፣ አሁን ይገለበጥና ይይዛል። ቆይ ብቻ!"

ቶኩጂ አልጮኸም፤ አልሮጠም። ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጀልባዋ በመንገዷ የኢዋኪቺን ጀልባ ጎን ቀደደችና ግንቡ ላይ ወጥታ ተሰባበረች።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ሃትሱኖ እስከ ጭኗ ጭቃው ውስጥ ገብታ መልህቁን ፈለገችው። ጥፍሩን ወደ ሰማይ አንጋጦ አገኘችው። ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለውም። በጣቷ ጭቃውን ስትጠርግ፣ አኩሪ አተር በምታሾልክበት ክፍተት ውስጥ የታጠፈ የመዳብ ቁራጭ ተመትቶ ገብቷል። መዳቡን አወቀችው። ለአዲሷ ጀልባ አፍንጫ ከተለበጠው የተረፈ ነበር። ቶኩጂ ሳቁን መሸከም አቅቶት መልህቁን በገዛ እጁ ዝም አሰኝቶታል። ጥፍሮቹ ወደ አንድ ወገን ተቸንክረው በጋውን ያለፉት ባሕሩ ስለተኛ እንጂ ስለያዙ አልነበረም።

ሰዎች ደረጃውን እየወረዱ ነበር። የአጥማጆቹ ማኅበር ሽማግሌዎች፣ ኢዋኪቺ፣ ከኋላቸው ቶኩጂ። ማኅበሩ ጀልባው በማዕበል ለጠፋበት አባል ሌላ ያስሠራል። ዕቃውን በገዛ እጁ ነካክቶ ያበላሸ ግን ምንም አያገኝም፤ ይኼን ልጅ እንኳ ያውቃል። መዳቡ እዚያው ከቆየ መልህቋ ነጻ ይወጣል፤ ወንድሟ ግን ዕድሜ ልኩን የሰው ጀልባ ላይ መረብ ጎታች ሆኖ ይቀራል፤ ያውም የሌላ ሰው ጀልባ የሰበረ ተብሎ። መዳቡ ከወጣ ደግሞ እሱ ጀልባውን ያገኛል፤ መልህቋ ይቀበራል።

ከቀበቶዋ መዶሻዋን አወጣች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ሁለት ጊዜ መታችው። መዳቡን ሽርጧ ውስጥ ከተተች።

ኢዋኪቺ ደርሶ መልህቁን አነሳው። ቋ! አለ።

"ይኸው! አላልኩም? ሰው ምስክር ነው፣ ጽዋ በእጄ እያለ አላልኩም? ያንተም ጀልባ ሄደ፣ የእኔም ተቀደደ፤ በአንዲት ሴት መጫወቻ!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ቶኩጂ ዞረ። "አንተ ምን ትላለህ? ዕቃው ላይ የነካኸው ነገር አለ?"

ቶኩጂ የእህቱን ሽርጥ አየ። ጭቃ የነካው እጇ ሽርጡን ጨብጦ እንደያዘ አየ። አወቀ። ሃትሱኖ "አልነካሁም" ብሎ እንዲያቆም ጠበቀች፤ ይኼን ያህሉን ልትሸከምለት ቆርጣለች።

"አልነካሁም" አለ። ቀጠለና "እኔም እንኳ ነግሬያት ነበር። መልህቅ አይንኳኳም ብያት ነበር" አለ።

ያን ጊዜ የተሰማትን ስትናገረው "ከውሩ እየነደደ ውኃ የደፉብኝ መሰለኝ" ትላለች። ከቤት ስትገባ አማቷ "ያዘ?" አሏት። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ "አልያዘም አባባ" አለቻቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ሞቱ፤ ማኅተማቸውን በሚንኳኳ ብረት ላይ ማስመታታቸው ስህተት ነው ብለው እንዳመኑ። ከነገሩ ሁሉ ይኼኛውን መዋጥ አልቻለችም።

መዳቡን ለውድቅዳቂ ገዢ ሸጠችው። ቶኩጂ አዲስ ጀልባ አገኘ። በየአዲስ ዓመቱ አንድ ሳጥን መንደሪን ይዞ ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ናፍጣው ያወራል፤ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጀልባውን ሸጦ ኦሳካ ከተማ ፋብሪካ ገባ። እዚያም ሳንባው ታመመ። ሃትሱኖ አምና ልታስታምመው ሄደች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ መንደሪን እየላጠች ታጎርሰዋለች፤ ስለ መዳቡ እንዲያነሳ ትጠብቃለች። የእናታቸውን የዓሣ ወጥ አነሳ። ኢዋኪቺ መሞቱን ሲሰማ ሳቀ። አንድ ቀን ጣሪያውን ሲያይ ቆየና፦

"እታለም" አለ።

"ወዬ።"

"ሥራ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። መንጠቆ ይሸጣል።"

"ጥሩ" አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዋ አንስቶ አያውቅም። ሞቶ አስከሬኑ ሲቃጠል፣ አመዱን በጨርቅ ጠቅልላ በባቡር ይዛው ተመለሰች።

አሁን ለማን ብላ ትፈራለች? ልጅ አልወለደም፤ የሚያፍርበት ሰው አላስቀረም። "ታሪኩን ጻፊው" ያለችኝ ለዚህ ነው። ወንድሟን እንድትጠሉላት አይደለም። እሱን እሷ ራሷ አንዳንድ ቀን ትጠላዋለች፤ ያ ይበቃዋል። እንድታምኗትም አትለምንም፤ ማመን ብረት አይፈትንም። ከውሩ ጀርባ፣ ባለፉት ዓመታት አንድ አንድ እያለች የሠራቻቸው መልህቆች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከበፊቱ ትንሽ ተሽሏል። ለእናንተ ለአንባቢዎቹ የላከችው ቃል ይኼ ነው፤ እንደተናገረችው አስቀምጬዋለሁ፦

"ጀልባ ያላችሁ፣ ወይም ጀልባ ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ኑና አንዱን ውሰዱ። ዋጋ አልጠይቅም። አንድ የማዕበል ወቅት ጣሉት፣ አንሱት፣ አሠቃዩት። ከያዘላችሁ እሰየው። ካልያዘ ግን እባካችሁ ከኋላዬ አትሙኝ፤ ባሕር ውስጥም ጥላችሁት አትሂዱ። ከነጭቃው አምጡልኝና ፊት ለፊቴ 'አልያዘም' በሉኝ። የት ላይ እንደሳትኩ በዓይኔ ልየው።"