እንግዴ ልጁ ገና ነው

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር መግቢያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ልጄን ጎብዬ ከተማ እኔ ቤት ሳለች ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። አምቡላንሱ ጠዋት ደረሰ፤ እኔና ጎረቤቴ ልጄን ደግፈን ወደ ቆቦ ሆስፒታል ተነሣን።

የአምቡላንሱ ሳይረን ተበላሽቷል። ሾፌሩ በጡሩንባ ብቻ መንገድ ይለምናል። ገበያ የሚሄዱት ግመሎች ግን ጡሩንባ ከቁም ነገር አይቆጥሩም፤ ሾፌሩ በግራ እየወጣ ባጃጁን ሁሉ አለፈው። እኔ "ማርያም፣ ማርያም" እላለሁ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እሷም በዱዓዋ መሃል "ማርያም ድረሽላት" ትላለች።

ቆቦ ልንገባ ስንል ሕፃኗ እጄ ላይ ዱብ አለች። አለቀሰች። ጎረቤቴ "አልሃምዱሊላህ!" ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ሾፌሩም ደስ ብሎት ጡሩንባውን ከእልልታው ጋር ያስጮኸው ጀመር።

ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

"በአምቡላንስ ሙሽራ ታጓጉዛለህ?" አለው ሾፌሩን። "መንጃ ፈቃድ!"

"ወላድ ነው የያዝኩት፣ ጌታው።"

"ወላድ እልል ትላለች?"

ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ አለች። "እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ! ወለደች እኮ!"

ፖሊሱ ፈገግ አለ፤ መንጃ ፈቃዱን ግን አልመለሰም። "እንኳን ማርያም ማረቻት። ከወለደች ታዲያ አምቡላንሱን ምን ያስቸኩለዋል? በግራ መውጣት የሚፈቀድለት ለድንገተኛ ነው። ድንገተኛው አበቃ።"

ልጄ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዟል። ሳቄ ጠፋ።

"ልጄ፣" አልኩት ፖሊሱን፣ "እንግዴ ልጁ ገና ነው።"

በወንድ ፊት የሚነገር ቃል አይደለም። ፖሊሱ የሚያይበት ጠፋው። ከዚያ ያቆመን እሱ እንዳልሆነ ሁሉ ሾፌሩ ላይ ጮኸ፦ "ሂድ እንጂ! ምን ይገትርሃል?" ሞተር ብስክሌቱ ላይ ዘሎ ወጣና ከፊታችን ግመሉንም ባጃጁንም እየበተነ፣ "ዞር በሉ! እንግዴ ልጁ ገና ነው!" እያለ እስከ ሆስፒታሉ በር መራን። ልጄ ሳትቀር በዚያ ሕመሟ ሳቀች።

እንግዴ ልጁ በሐኪም እጅ በሰላም ወጣ። ተመስገን።

ውጭ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ሲመልስ ደረስኩ። "ሴት ናት?" አለ። "እልልታው ሲበዛ ወንድ መስሎኝ ነበር።"

"ምነው፣" አለች ጎረቤቴ፣ "ለሴት ሲሆን በቁጥር ነው?"

ሕጉን አላውቅም። አምቡላንስ ባዶውን ሲሮጥ እንደ ማንም ይቀጣ። ወላድ ሲይዝ ግን ምጥ የሚያልቀው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነውና፣ እስከዚያ አይንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቆቦ ካለችው እህቴ ቤት ገንፎ አገነፋሁ፤ መሃሉን አጎድጉጄ ቅቤና በርበሬ ሞላሁበት። ልጄን አብልቼ የቀረውን በትኩሱ ትራፊኩ ከሚቆምበት ወሰድኩ። ሾፌሩንም ጠርቼ፣ ባጃጆቹ ቆመው እያዩ፣ ሁለቱን በየተራ አጎረስኳቸው።