እጁን የታጠበ እንግዳና የስምንት ሰው ኩፖን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት ዕቃ ሦስት ነው፤ ማስታጠቢያ፣ ሳሙናና ነጭ ፎጣ። ክትፎ ቤቱ መርካቶ፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ያኔ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ አዳራሹ ውስጥ አልነበረንም። እንግዳ ሲቀመጥ አስታጣቢዋ ውሃ ታፈሳለች፣ አስተናጋጁ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ካሸሩ ማዘዣው ላይ ማህተም ይመታል። ማህተም የሌለው ማዘዣ ይዞ ወጥ ቤት የገባ አስተናጋጅ ባዶ እጁን ተሰድቦ ይወጣል። ከሁሉም በታች የነበርኩት እኔ ነኝ።

የዚያኑ ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ሦስት የጭነት መኪና ሾፌሮች ገቡ። ጎንበስ ብዬ አስታጠብኳቸው። ገና ፎጣውን ሳልቀበላቸው ከወጥ ቤት "ሥጋ አልቋል!" የሚል ድምፅ መጣ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወርቄ ወጡና "ማነው ያስታጠባቸው?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ሥራዬ በግማሽ ቀን ያበቃ መሰለኝ።

እትዬ ወርቄ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው መንገዱን ተሻገሩና ከማዶው ክትፎ ቤት፣ ለሁለት ዓመት ካኮረፉት ተፎካካሪያቸው፣ ሥጋ ለምነው ገዝተው መጡ። ሾፌሮቹ ጠግበው ከሄዱ በኋላ ጠሩኝ። "ስሚ ልጄ፣ እዚህ ቤት እጁን የታጠበ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ስለዚህ ከማስታጠብሽ በፊት ወጥ ቤቱን ጠይቂ" አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ የያዝኩት ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱን ሳልጠይቅ ማንንም አስታጥቤ አላውቅም። የመጀመሪያው ግማሽ ትርጉሙ የገባኝ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እንጀራዬ ሊቆረጥብኝ ሲል ነው።

ከአስታጣቢነት ወደ አስተናጋጅነት፣ ከአስተናጋጅነት ወደ አዳራሽ ኃላፊነት ወጣሁ። እትዬ ወርቄ አርፈው ቤቱን ልጃቸው ጋሼ ወልዴ ያዙት። ቧንቧው ገባ፣ ወንበሩ ተቀየረ። በቡድን ለሚመጣ እንግዳ ግን ገበታው ድረስ ሄዶ ማስታጠቡን አልተውንም። ጋሼ ወልዴ የእናታቸው ነገር ሲነካ አይወዱም። የአዳራሹና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ወገቤ ላይ ነበር፤ ስራመድ ይንሿሿል። አስተናጋጆቹ "እትዬ ዘነቡ መጣች" የሚሉት በቁልፉ ድምፅ ነው።

ከዚያ በየሕንፃው ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ተከፈተ። ማክሰኞና ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ አዳራሽ ባዶ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ከአንድ የአፕ ድርጅት የመጣች ቀልጣፋ ልጅ የቡድን ግዢ የሚባል ነገር አስረዳችን። ሰዎች ተሰባስበው በስልካቸው ኩፖን ይገዛሉ፤ ብዙ ስለሆኑ ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርድላቸዋል፤ እኛ ጋ መጥተው ኮዱን ያሳያሉ፣ ይበላሉ። እኔ ወዲያው ወደድኩት። ባዶ ወንበር ሳይ ያመኛል።

ጋሼ ወልዴ ግን "ስልክ ነው እንዴ ክትፎ የሚበላው?" አሉ።

"ስልኩማ ሰው ያመጣል እንጂ ጋሼ።"

"እሺ፣ በአንቺ ኃላፊነት ይሁን። ከተበላሸ ቁልፉን አስረክበሽ ትሄጃለሽ።"

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የድርጅቱን ቅጽ ያስሞላሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ እመልሳለሁ። ለስንት ሰው? ለስምንት። አቀራረቡ? በአንድ ገበታ። ምግብ መቀየር ይቻላል? አይቻልም። መከፋፈልስ? አይቻልም፤ ክትፎ ቤት ነን እኮ! የክትፎ ቤት ሰው "ስንት ናችሁ?" ብሎ መጠየቅ ያውቃል። "እነማን ናችሁ?" ብሎ ግን አይጠይቅም። ሥጋችን የክርስቲያን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ሙስሊም ደንበኛ አይብና ቆጮ ሊገዛ ካልሆነ አይመጣም። በስልክ ሲሸጥ ግን በራችን ላይ ያለውን መስቀል ማንም እንደማያየው አላሰብኩም። ስህተቴ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ፈተና ነበር። ኔትወርክ ይጠፋና ኮዱ እምቢ ይላል። ካሸራችን አቶ ጌታሁን በዚያ ወንበር ላይ የሸበተ ሰው ነው፤ ስልክ ሲያሳዩት "እኔ የማውቀው ማዘዣ ነው፤ እዚህ መስታወት ላይ ነው ማህተም የምመታው?" ይላል። አስተናጋጆቹ ደግሞ ከኩፖን እንግዳ ጉርሻ አይገኝም ብለው መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያስቀምጡታል። አንድ ትልቅ ሰው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "ኩፖን ነው የያዝኩት" ሲሉኝ፣ የሰረቁ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ንድድ አልኩ።

በማግሥቱ አስተናጋጆቹን ሰበሰብኩና የኩፖን እንግዳ ቦታው መስኮቱ አጠገብ ነው አልኩ፤ ቅር ያለው ካለ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እሱን አስቀምጠዋለሁ። ለአቶ ጌታሁን ደብተር ገዛሁ። ኮዱን እዚያ ላይ እንጽፋለን፣ እሱ ደብተሩ ላይ ማህተሙን ይመታል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኩ ላይ እናስገባለን። ወረቀት ሲያገኝ ተረጋጋ።

ደብተሩ ወዲያው ጠቀመን። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የመጡ ሁለት ቡድኖች የአንድ ኮድ ስክሪንሹት ይዘው በሁለት ጠረጴዛ ተቀመጡ። ለካ አንዱ ለጓደኛው በቴሌግራም ልኮለት፣ ጓደኛውም ግብዣ መስሎት ሰዎቹን ሰብስቦ መጥቷል። ሊቧቀሱ ሲሉ ደብተሩን አሳየኋቸው። ተሳሳቁ፣ ጠረጴዛ አጋጠምንላቸውና ሌላ ገበታ አዘዙ። ጋሼ ወልዴ ከሩቅ አይተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። አለመቆጣታቸው ለእኔ ሽልማት ነበር።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች።

ሙኒራ የምትባል፣ እዚያው መርካቶ ዱባይ ተራ አንድ ሕንፃ ላይ ጫማ የምትሸጥ ሴት፣ ሰባት የፎቅ ጎረቤቶቿን ይዛ ገባች። ከመካከላቸው አቶ ታደሰ የሚባለው፣ ከጎኗ የሰዓት ሱቅ ያለው፣ ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሁለት ወር ተኝቶ ነበር፤ ሰባቱ ጎረቤቶቹ ሱቁን በየተራ እየከፈቱ ሲሸጡለት ቆይተዋል። በዚያ ሳምንት ወደ ሥራው ተመልሷል። ግብዣው ለእሱ ነበር፤ ሙኒራ ከኪሷ ኩፖኑን ገዝታ።

ወጥ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ሥጋው አለ። ስምንቱንም በእጄ አስታጠብኳቸው። መጨረሻ ላይ ሙኒራ ፎጣውን እየመለሰች "እትዬ፣ ለእኛ ለአራታችን ሌላ ነገር ታደርጉልናላችሁ አይደል? ክትፎውን ለእነሱ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አራቱ ሙስሊም መሆናቸውን ልብ ያልኩት።

አቶ ጌታሁን ዘንድ ሄድኩ። "ኮዱ አንድ፣ ምግቡ አንድ። አይከፈልም" አለ። ድርጅቱ ዘንድ ደወልኩ። ያችው ቀልጣፋ ልጅ አነሳችው። "እትዬ፣ መቀየርም መከፋፈልም አይቻልም፤ ቅጹ ላይ እንደዚያ ያስሞሉኝ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ተመልሼ ስነግራቸው ሙኒራ "ግዴለም፣ እነሱ ይብሉ፤ እኛ ሻይ እንጠጣለን" አለች።

አቶ ታደሰ ራሱን ነቀነቀ። "አንቺ ሻይ እየጠጣሽ እኔ ክትፎ ልበላ? አብረን ካልበላን ምኑን ጋበዝሽኝ? ተነሡ እንሂድ።"

ሙኒራ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔው ጠርቼ እኔው ላዋርዳችሁ!" አለች። ወንበሮቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

ጋሼ ወልዴ ከቢሯቸው ወጡ። "ዘነቡ፣ ምን ብዬሽ ነበር? የገዙትን ይብሉ፤ አለዚያ በሰላም ይሂዱ" አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። የፈለጉት ቁልፉን ነበር።

ከወገቤ ፈታሁት። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና "ጋሼ፣ ቁልፉን ይውሰዱ። እነዚህ ሰዎች ግን እጃቸውን ታጥበዋል" አልኩ።

ዘወር ብለው ገበታውን አዩ። ማስታጠቢያው ገና አልተነሣም፤ ፎጣው ርጥብ ነው። የእትዬ ወርቄ ልጅ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታዲያ ምን ይብሉ?" አሉ።

"ጎመን ክትፎ" አልኩ። "ደቅቆ የተከተፈ፣ በንጥር ቅቤ፣ ከአይብና ከቆጮ ጋር። ከእኛ ቤት ሜኑ ላይ የለም እንጂ አገር ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ቅቤ የሚከለክለው የለም።"

ሙኒራ ፊቷ በራ፤ ግን መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች። "ድስቱስ፣ እትዬ? ቢላዋውስ?"

ልክ ነበረች። ድስቶቻችን በሙሉ ሥጋ ሲሠራባቸው ያረጁ ናቸው። የጾሙን ድስት እንዳልሰጣት፣ ዋና ወጥ ሠሪያችን እትዬ ስንዱ ቅቤ ነክቶት ካየች ከነድስቱ ታባርረኛለች። ግን መርካቶ ቆሞ ዕቃ ቸገረኝ ይባላል? "ነይ ተከተዪኝ" አልኳትና ከበራችን ሦስት ሱቅ አልፈን አንድ የወጥ ቤት ዕቃ መሸጫ ገባን። አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላዋ፣ አዲስ መክተፊያ፣ አንድ ሰፊ ትሪ። ባለሱቁ ዋጋ ሲቆልል ሙኒራ በዱባይ ተራ ምላሷ አወረደችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም።

እትዬ ስንዱ ጎመኑን ስትከትፍ ድምፁ አዳራሹ ድረስ ይሰማ ነበር። ያልተከፈተ የቅቤ ዕቃ አወጣች። ኮረሪማና ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ትሪውን እኔው ተሸክሜ ወጣሁ፤ መሐሉ ላይ አረንጓዴው፣ ዙሪያውን ነጭ አይብ፣ በጠርዙ ቆጮ። ስምንት እጅ አንድ ትሪ ላይ ወረደ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሙኒራ ለአቶ ታደሰ አጎረሰችው።

አቶ ታደሰ ውጦ ሲያበቃ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ አላቆም አለው፤ ቁስሉን በእጁ ደገፈ።

"ምን ሆንክ?" አለችው።

"ሐኪሙ ጥሬ ሥጋ ለስድስት ወር ከልክሎኛል" አለ። "እንዳታዝኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ክትፎሽን በልቼ ነገ ልትቀብሩኝ ነበር!"

ሙኒራ በፎጣው ትከሻውን መታችው። ገበታው በሳቅ ፈረሰ፤ ጎረቤት ጠረጴዛዎቹም አብረው ሳቁ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እንባዬን ጠረግኩ። ደስታዬ ሌላ መውጫ አጥቶ ነው።

አቶ ጌታሁን ደብተሩን ይዞ ራሱ መጣ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እንግዳ ሲሄድ ያን ቀን ነው ያየሁት። "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለኝ። "ስምንት ሰው፣ አንድ ገበታ" አልኩት። ጻፈና ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪናወጥ መታው።

ጋሼ ወልዴ ቁልፉን ማስታጠቢያው አጠገብ አስቀመጡልኝ። ከዚያ "እስቲ ለእኔም አቅምሱኝ" ብለው ወንበር ሳቡ። አራት ጊዜ ጎረሱ። ማታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ወጥ ቤት ገብተው በገዛ እጃቸው ሚስማር መቱና አዲሱን ድስት ለብቻው ሰቀሉት። "በዚህ ድስት ሥጋ የነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጸቡ" አሉ።

በሳምንቱ ከዱባይ ተራ ሦስት ቡድን መጣ። "ያንን የሙኒራን ገበታ" ይላሉ፤ ስሙ በዚያው ጸና። የአፕ ድርጅቱ ልጅ መጥታ በላችና ቅጹን እንደገና ሞላን። በዚህኛው ጊዜ አንድ ጥያቄ አስጨመርኩ፤ "ሁላችሁም አብራችሁ የምትበሉት የቱን ነው?" የሚል። ገዢው ሳይመርጥ ኩፖኑ አይወጣለትም። ወሩ ሳያልቅ ማክሰኞና ሐሙስ ወንበር ለማግኘት ሰው በር ላይ ይቆም ጀመር። የማዶው ክትፎ ቤት ሳይቀር ጎመን ክትፎ የሚል ታፔላ ለጠፈ። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ቁልፉን ለትዕግሥት አስረከብኩ፤ ከአስተናጋጅነት ያሳደግኳት ናት። "እትዬ፣ ኮዱ እምቢ ቢልብኝስ?" አለችኝ።

"እጃቸውን አስታጥቢ" አልኳት። "ኮዱን በኋላ ትደርሺበታለሽ።"

እትዬ ወርቄ ከማስታጠብሽ በፊት ወጥ ቤቱን ጠይቂ ብለውኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ በዚያ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩፖን ከመሸጥሽ በፊት በላተኞቹን ጠይቂ።