ወንድሜን ከካሴት መማር

ፒያኖ የሚማር ሰው አዲስ የሙዚቃ ቁራጭ ሲጀምር፣ ሌላ ሰው ተጫውቶ ያስቀዳውን ቀድሞ መስማት አለበት? አስተማሪዬ የለበትም ይላሉ። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ ተደብቄ ስሰማ ነበር። የሰማሁት ደግሞ የወንድሜን ነው። ስለዚህ ነገሩን በደንብ መናገር እችል እንደሆነ አላውቅም። እሞክራለሁ።

ፒያኖው ያለው ጉለሌ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ሀብታም ቤት ነበር። ቤቱ ሲወረስ ሌላው ዕቃ ሁሉ ወጣ፤ ፒያኖው በበሩ አልወጣ ብሎ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የኪነት ቡድኑ ይለማመድበታል፤ ጠዋት ግን ባዶ ነው። ከወታደር ባንድ በጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ወንድሜን ያስተማሩት እዚያ ነው። የቁራጩን ኖታ ወረቀት ላይ በእጃቸው ገልብጠው ሰጡት። ሁለት ገጽ የሆነ የውጭ አገር ዜማ ነው።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው በካሴት ቀዳነው። የቴፑን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን የአዳራሹ መብራት ተቆርጦ ስለነበር በባትሪ ድንጋይ ነው የሠራነው። አዲስ ድንጋይ ከኅብረት ሱቅ ጠፍቷል። አሮጌዎቹን ግማሽ ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቀን ይዘን ሄድን። እሱ ሲጫወት እኔ የማየው የካሴቱን መሽከርከር ነበር። እንዳይቆም ፈርቼ። እሱን አላየሁትም። በደንብ አልሰማሁትምም።

በሰባተኛው ወር መርዶው መጣ። አስከሬን አልመጣም። እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ ቴፑንም በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ካሴቱን ግን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ዓመቱ ሲወጣ ታሰማኛለህ። እስከዚያ እንዳይበላሽ።"

"እሺ እማዬ።"

"ምሳ ይዤለት ስሄድ በር ላይ ቆሜ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም" አለች።

ካሴቱን ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ቴፕ ካሴት ሲበላ አይቻለሁ፤ ክሩ ተጎልጉሎ ወጥቶ ሲበጠስ። ያ ከሆነ ለእናቴ ምን እሰጣታለሁ? ስለዚህ እሱ እንደተጫወተው አድርጌ ልማረው አልኩ። ካሴቱ ቢበጠስ በእጄ ላይ እንዲቀር። ተዝካሩ እንዳለፈ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ "ሙዚቃ ሳይሆን ትምህርት ነው ብዬልሃለሁ፤ ለሰው ግን አትንገር" ብላ ፈቀደች።

ጋሼ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጉት። "የተቀዳ ነገር እንዳትሰማ።"

"ለምን ጋሼ?"

"መጀመሪያ በዓይንህ፣ ከዚያ በጣትህ። ከሰማህ ግን ያ ሰው ደክሞት የዘገየውንም፣ እጁን አልቦት የሳተውንም ዜማ ነው ብለህ ትይዘዋለህ። ጆሮ ሰነፍ ነው። የኔም ሰነፍ ነው።"

"እሺ" አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ሽሮ ሜዳ የሽመና ቤት ያለው ጎረቤታችን በኮረንቲም በድንጋይም የሚሠራ ቴፕ አለው፤ እሱ ግን በኮረንቲ ነው የሚከፍተው። ከትምህርት በፊት እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ እየሸመነ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ዘፈኑን የሚጀምረው?" አለኝ።

"ዘፈን የለውም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚሮጠው?"

"ወንድሜ ነው" አልኩት።

መወርወሪያውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ ሳልጠይቀው የራሱን ካሴት ከቴፑ አውጥቶ ቦታ ይለቅልኝ ጀመር።

ትንሽ እሰማለሁ፤ ከዚያ እንዳይጠፋብኝ አፌን ዘግቼ ቁልቁል ወደ አዳራሹ እሮጣለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ ብቻ እመልሳለሁ። አንዷ ጎረቤት ለእናቴ "ልጁ ከሐዘኑ ወዲህ ዘጋን" ብላታለች። ፒያኖው ላይ ድምፁን አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። አብዛኛው ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ሆነ። ፈጣንም ነው፤ ጣቶቼ አይደርሱበትም። ወረቀቱን አላየውም። ደግሞስ ኖታ በቅጡ መቼ አነብባለሁ?

ለምን እንዲህ እንደቸኮለ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ነው የቀረው። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እግሬ በዚያ ፍጥነት ወለሉን ይመታል፤ መምህሩ ያወጡኛል። እንጀራ ስጎርስ በዚያው ፍጥነት ነው። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ሳል አለ፤ ከዚያ "አለቀ፤ አጥፋው" ይለኛል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የሕፃን ይመስላል። ልቅሶ ይዞት ነው አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ ፈርቶ ነው የሄደው ብዬ አራት ወር ቆየሁ።

እስከዚያ የጣት ልምምድ ብቻ ሲያሠሩኝ የቆዩት ጋሼ አንድ ቀን "እስቲ ያለህን አሰማኝ" አሉ። ጀመርኩ። ገና ግማሹ ጋ ሳልደርስ እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑት።

"ማን ነው የሚያባርርህ?"

ወረቀቱን በጣታቸው ጠቆሙ።

"ወረቀቱ ላይ ያለው ነጩ ነው። አንተ ጥቁሩን ለቅመህ ጨረስከው። ከየት አመጣኸው?"

ነገርኳቸው። ተቆጡ። ቢሆንም በማግስቱ የሸማኔውን ቴፕ ተውሼ ካሴቱን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። መብራቱ ተመልሷል። እየሰሙ አንዱን ነጭ ቁልፍ መቱ፤ ከዚያ ራቅ ያለ ጥቁር ደግሞ መቱ።

"በምንድን ነው የቀዳችሁት?"

"በድንጋይ።"

"በአዲስ?"

"ፀሐይ ያሞቅነው ነው።"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው ተዉት። "ድንጋዩ ደክሞ ነበር ልጄ። ስትቀዱ ካሴቱ እየተጎተተ ነው የዞረው። አሁን በኮረንቲ ሲሮጥ ወንድምህንም አብሮ ያስሮጠዋል፤ ድምፁንም ሽቅብ ይወስደዋል። ወንድምህ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። ቀስ የሚል ልጅ ነበር። እኔን እስኪያበሽቀኝ ድረስ ቀስ የሚል።"

እውነታቸውን ነው። ጫማውን ሲያስር እንኳ እያስጠበቀኝ ትምህርት ቤት ስንቴ አርፍደናል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ መቶ ጊዜ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ። ግን አራት ወር የሰማሁት ካሴት ያንን ሁሉ ከጆሮዬ ጠርጎ አወጣው። ራሴው አወጣሁት ማለት ነው።

ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። በእግሬ እስከ ሸጎሌ ወጣሁ፤ የከብት ገበያውን ዞሬ ተመለስኩ። መቆም አልቻልኩም። አልቸኮለም ነበር። ምናልባት አልፈራም። ወይ ደግሞ ፈርቶ ቀስ ብሎ ተጫውቷል። ያንን ካሴቱ አይነግረኝም።

ጋሼ "ወይ ካሴቱን ወይ እኔን" አሉኝ። ከመምረጤ በፊት ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። የሞቱ ድንጋዮች ሰብስቤ፣ ፀሐይ አሙቄ፣ የሸማኔው ቴፕ ውስጥ ከተትኳቸው።

"አንተ፣ ጤነኛ ኮረንቲ እያለኝ በሽተኛ ይዘህብኝ መጣህ?" አለኝ ሸማኔው።

ሁለት ጊዜ አልሆነም። በሦስተኛው ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ዜማው ዝቅ፣ ዝቅ አለ። መጨረሻው ላይ ያ ሳል መጣ፤ ወፍራም ሳል። ከዚያ "አለቀ፤ አጥፋው" አለኝ። በራሱ ድምፅ። ልቅሶ የለበትም። እንዲያውም የራበው ሰው ነው የሚመስለው።

አጠፋሁት።

ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ፣ በነጮቹ ቁልፎች። እጄ ግን ወደ ጥቁሮቹ ይሸሻል። ጋሼ በእርሳስ ጣቴን ይመቱኛል። ወራት ፈጀ።

ሙት ዓመቱ ወጣ። በሳምንቱ እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ቴፑን ከጥቁሩ ጨርቅ ፈታችው።

"በል አሰማኝ።"

"እማዬ፣ ካሴቱ ልክ አይደለም። እኔ ልጫወትልሽ።"

"እኔ የሱን ነው ያልኩህ።"

"የሱን ነው የምጫወትልሽ።"

ነጠላዋን አነሳች።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አልገባም አለች። ወንበር አምጥቼላትም አልተቀመጠችም። በሩን ተደግፋ ቆመች፣ ድሮ ምሳ ይዛ እንደምትቆመው መሰለኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጀመርኩ። እጄ አልቦታል። በልቤ ቀስ በል፣ ቀስ በል እላለሁ። ሁለት ቦታ ሳትኩ። ግን ጨረስኩት።

ዞር ብዬ ለማየት ፈራሁ።

"ቸኮልክ" አለች ከበሩ። "እሱ ምሳው እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ነበር የሚያስጠብቀኝ። ድገመው።"

ገጹን መልሼ ጀመርኩ።