የጅግሶ ድምፅ እስኪደርስ

አራት ነበርን፦ ታላቅ ወንድሜ ዱካሌ፣ እህቴ አስቴር፣ ጎረቤታችን ጅግሶ፣ አራተኛው እኔ። ያን ቀን ያስታወሰችኝ ልጄ ሰላማዊት ናት። ሰሞኑን ዲላ ቤታችን ጣሪያ ላይ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ የኢንተርኔት አንቴና አስተከለች። የሬዲዮን ነገር ያለ አስተማሪ፣ ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ ላይ ሳህን ሳዞር ስለኖርኩ፣ "ይሄስ በምን ይዞራል?" አልኳት።

"አይዞርም፣ አባዬ። ውስጡ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች አሉ። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ዘግይቶ ይልካል። ሞገዶቹ ወደ አንድ በኩል ሲገጥሙ ይበረታሉ፤ በሌላው በኩል ይጠፋፋሉ። መዘግየቱን ስትቀይረው አቅጣጫው ይቀየራል።"

ልቤ ድሮ ወደኖርንበት ቀዬ፣ ጪጩ ቁልቁለት ላይ ደረሰ።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር፤ ሌሊቱን ጥሎ ያደረው ዝናብ መንገዱን አሙለጭልጮታል። ዱካሌ በቅሎዋን ጭኖ ወደ ገበያ ከወረደ በኋላ፣ ጎርፍ የእንጨት ድልድዩን ከሥሩ እንደበላው ሰማን። ከላይ ሲያዩት አፈር የለበሰ፣ ደህና ድልድይ ነው። ተከትለነው ሮጥን። እኔ ቀደምኩ፣ አስቴር ከኋላዬ፣ ጅግሶ ከሁላችንም ርቆ ቀረ። ዱካሌ ከእንሰቱ ወዲያ ብቅ ሲል ሦስታችንም "ተመለስ" እያልን በየፊናችን ጮኽን። በለቀማ ሰው ከኮረብታ ኮረብታ ሲጠራራ ይውላል፤ ሰላምታ መሰለውና እጁን አወዛውዞ "ሆ" ብሎን መንገዱን ቀጠለ።

"ዝም በል አንተ፤ እላያችን ላይ ነው የምትጮኸው" አለችኝ አስቴር። "ጅግሶ ይጀምር። ድምፁ ሲደርስብን እንቀበለው።"

"እኔ ቅርብ ሆኜ ልጠብቅ?"

"ጠብቅ። ቅርበትህ እስካሁን ምን ረባን?"

ለጅግሶ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ጮኸ። ድምፁ እሷ ጋ ሲደርስ ተቀበለችው፤ የሁለቱ ድምፅ እኔ ጋ ሲደርስ እኔም ተቀበልኩ። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ቁልቁል ወረዱ። ዱካሌ ቆመ፤ በቅሎዋን አዞረ። አስቴር ጭቃው ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች።

"ገበያዬን አስቀራችሁኝ" ብሎ ተነጫነጨብን። አብረነው ወርደን፣ እሱ ድልድዩ መሃል ትልቅ ድንጋይ ሲወረውር ድልድዩ እንዳለ ተናደ። ከዚያ ወዲያ አልተነጫነጨም። በጎናችን ካለው ኮረብታ ላይ ሲለቅሙ የዋሉ ሴቶች ግን በማግስቱ፣ "ምን ነበር ስትንጫጩ የዋላችሁት?" አሉን። በእነሱ በኩል ድምፃችን አልገጠመም ማለት ነው።

ይህን ስነግራት ሰላማዊት፣ "ድምፅና የሬዲዮ ሞገድ አንድ አይደለም፣ አባዬ" ብላ አረመችኝ። ልክ ናት። እኔም ልጆቼን የምመክረውን ደገምኩላት፦ እውነት መናገር ብቻውን አይበቃም፤ የቀረበው የራቀውን መጠበቅ አለበት። ዱካሌ ዛሬ ጨለለቅቱ ከተማ የልጅ ልጆቹን ያቅፋል። ያ ቀን ሁላችንንም ያስከፈለን፣ ቢደመር አንድ ገበያና የሦስት ሰው ጎሮሮ ነው።